ጆንያ ጓሮ ሲሆን፤ ከካሳራኒ ሰገነቶች የተገኘ የቤት ብልሃት

ቤት ያለው ሰው ሁሉ ለመጣል የሚሳሳለት፣ ለማስቀመጥም ቦታ የሚያጣለት ዕቃ አይጠፋውም። ያረጀ ጆንያ፣ ክዳኑ የጠፋ ጀሪካን፣ የነተበ የመኪና ጎማ፣ አንገቱ የተሰበረ እንስራ፣ ባዶ ጣሳ በየማእዘኑ ተከማችተው ይታያሉ። ዓመት በዓል ሲቃረብ ቤቱ ይጸዳና አንዳንዱ ወደ ውጭ ይጣላል፤ አንዳንዱም ለቆራሌው ይሰጣል። በዛሬው ዐምዳችን የምንነጋገረው ስለዚሁ ዕቃ ነው። ምሳሌያችንንም ከጎረቤታችን ከኬንያ፣ ካሳራኒ ከሚባለው የናይሮቢ ክፍል እንወስዳለን።

ካሳራኒ ከናይሮቢ መካከል ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ቲካ ከተማ በሚወስደው ታላቅ ጎዳና አጠገብ ይገኛል። ብዙ የአገራችን ሰው ስሙን የሚያውቀው በስታዲዮሙ ነው። ስታዲዮሙ እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. 4ኛው የመላው አፍሪቃ ጨዋታ የተደረገበት ሲሆን፣ በ2021 ዓ.ም. ደግሞ ከ20 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች የዓለም የአትሌቲክስ ሻምፒዮና ተካሂዶበታል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።) የእኛ ጉዳይ ግን ሩጫው ሳይሆን በስታዲዮሙ ዙሪያ ያለው የመኖሪያ ሰፈር ነው። በዚያ የሚበዛው ቤት የኪራይ ፎቅ ነው፤ ለተከራዩ የሚደርሰው መሬት ቢኖር አንዲት ሰገነት፣ ወይም የጋራ ጣራ፣ ወይም ከደረጃው ሥር ያለች ጥቂት ስፍራ ናት። ከዚህም ጋር የናይሮቢ የውሃ ድርጅት ውሃውን በየሰፈሩ በፈረቃ ያድላል። መሬት የለም፤ ውሃም በየቀኑ አይመጣም። እንዲህ ባለ ቦታ ጎመን ማብቀል እንዴት ይቻላል ቢባል፣ መልሱ በጆንያ ነው።

ጆንያን ጓሮ የማድረግ ብልሃት በናይሮቢ በሰፊው የታወቀው ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ከምርጫ በኋላ በተነሣው ሁከት ምክንያት በኪቤራና በመሳሰሉት ሰፈሮች የምግብ ችግር ስለደረሰ፣ ሶሊዳሪቴ የተባለው የፈረንሳይ የርዳታ ድርጅት ለቤተ ሰቦች ችግኝ እያደለ በጆንያ እንዲተክሉ አስተማረ። አሠራሩ ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎችም የከተማው ክፍሎች ተዛመተ፤ ወደ እኛም አገር ደርሶአል።

አሠራሩን እንግለጥ። አንድ ጆንያ ይፈለጋል። ኬንያውያን በቆሎ በ90 ኪሎ ጆንያ ስለሚሰፍሩ ይህ ጆንያ በየቤቱ ይገኛል፤ በእኛ ዘንድ የ50 ኪሎው ይበቃል። እዚህ ላይ አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንባብያን አንድ ነገር ልብ ቢሉ ይጠቅማቸዋል። በአማርኛ «ማዳበሪያ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ነው፤ መሬቱን የሚያዳብረውም ይባልበታል፣ የተሸከመው ባዶ ከረጢትም ይባልበታል። ስለዚህ ወደ ገበያ ሄደው «ማዳበሪያ ስጠኝ» ያሉ እንደ ሆነ፣ ነጋዴው የፕላስቲክ ከረጢት አጥፎ ቢሰጥዎ አይቆጡት። ጆንያ የሚባለው በጥንቱ አነጋገር ከቃጫ የተሠራው ነው፤ ዛሬ ግን ለሁለቱም ይነገራል።

አፈሩ ሁለት እጅ አፈርና አንድ እጅ በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ተደርጎ ይደባለቃል። በናይሮቢ ምሥራቃዊ ክፍል ያለው መሬት ጥቁር ዋልካ ነው፤ ዋልካም ሲረጥብ ይጨማለቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የእርስዎም አፈር እንዲህ ያለ እንደ ሆነ አንድ እጅ አሸዋ ይጨምሩበት። ከዚህ በኋላ የዘይት ወይም የዱቄት ወተት ጣሳ ተፈልጎ ሁለቱም ጫፎቹ ይቆረጡና ወደ ቧንቧነት ይለወጣል። ጣሳው በጆንያው ወለል መካከል ይቆምና በውስጡ ጠጠር ይሞላበታል፤ ዙሪያውን አፈር ይደረጋል። አፈሩ እስከ ጣሳው አፍ ሲደርስ ጣሳው ወደ ላይ ይሳባል፤ ጠጠሩ ግን ባለበት ይቀራል። እንደገና ጠጠር፣ እንደገና አፈር፣ እንዲህ እየተባለ እስከ ጆንያው አፍ ይደረሳል። ጆንያው ሞልቶ ሲታይ በመካከሉ ከላይ እስከ ታች የጠጠር ዐምድ ቆሞ ይገኛል።

የብልሃቱ ፍሬ ነገር ይህ ዐምድ ነው። ውሃ በአፈሩ ላይ ብቻ ቢፈስስ የላይኛው ክፍል ጠጥቶት ይቀራል፤ የታችኛው ችግኝ ይደርቃል። በጠጠሩ ላይ ሲፈስስ ግን በድንጋዩ መካከል ወርዶ ወደ ጎን ይሰርጋል፤ ጆንያውም ከሥር እስከ ጫፍ እኩል ይረጥባል። ጠጠሩን ለመልቀም ታክቶአቸው አፈሩን ዝም ብለው የሚሞሉ አሉ፤ ጎመናቸው ከላይ ለምልሞ ከታች ሲጠወልግ ያዩታል።

ከዚህ በኋላ በጆንያው ጎን በአንድ ስንዝር ርቀት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ይበሳል፤ የአንዱ ረድፍ ቀዳዳ ከሌላው ረድፍ ቀዳዳ በላይ ትክክል እንዳይሆን ዘወር ተደርጎ ይሠራል። በየቀዳዳው አንዳንድ ችግኝ ይተከላል፤ አፉም ላይ ሁለት ሦስት ይጨመራል። እንደ ጆንያው ትልቅነት ከ20 እስከ 40 ችግኝ ይይዛል። ይህ ሁሉ አንድ ሰው ቁጭ በሚልበት ስፍራ የተተከለ ነው።

በካሳራኒና በጠቅላላው በናይሮቢ በብዛት የሚተከለው «ሱኩማ ዊኪ» የተባለው ጎመን ነው። ስሙ በስዋሂሊ «ሳምንቱን ግፋ» ማለት ነው፤ ደመወዝ እስኪደርስ ሳምንቱን የሚያሻግር ምግብ እንደ ማለት ነው። የደመወዝ ቀን የሚጠብቅ ሹም ሁሉ ይህን ስም ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ከዚህ ሌላ ኬንያውያን «ካንዚራ» የሚሉት ጎመን አለ፤ እሱ የእኛው የአበሻ ጎመን ነው፤ በእንግሊዝኛም ስሙ ከኢትዮጵያ ጋር ተያይዞ ይጠራል። ስለዚህ ዘር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

አሁን ስለ ክብደቱ እንናገር፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውምና። ውሃ የጠጣ አፈር በሊትር ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ግድም ይመዝናል። እንግዲህ 100 ሊትር የሚይዝ ጆንያ 150 ኪሎ ሆነ ማለት ነው፤ ይህም ሁለት ጐልማሶች በአንዲት ስፍራ ሌትና ቀን ሳይነቃነቁ መቆማቸው ነው። አምስት ጆንያ በሰገነት ጫፍ ላይ የደረደረ ሰው ዐሥር እንግዶችን በዚያ ላይ ያሳደረ ያህል ነው። ሰገነትዎ የቆየ፣ ብረቱ የዛገ ወይም ሲሚንቶው የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ጆንያውን ወደ መሬት ያውርዱት። ደኅና ሰገነትም ቢሆን ጆንያው እስከ ግማሹ ብቻ ቢሞላና ወደ ቤቱ ግድግዳ ተጠግቶ ቢቀመጥ ይሻላል። የቆጧን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለው፣ ለአንድ እስር ጎመን ሲባል ሰገነትን ማጣት ከቁጠባ የሚቆጠር አይደለም።

ውሃውን በሚመለከት፣ አትክልትና ጤፍ ወይም ሩዝ የታጠበበት ውሃ ሁሉ ለጆንያው ይሆናል። ሳሙና የበዛበት የልብስ እጣቢ ግን ጨው ስላለበት ውሎ አድሮ አፈሩን ያበላሻል። የመጨረሻው የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ስስ ስለሆነ አልፎ አልፎ ቢፈስስበት አይጎዳም፤ ብቻ በቅጠሉ ላይ አይደረግ። የፕላስቲክ ጆንያ ፀሐይ ሲያገኘው በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ መፈርፈር ይጀምራል። ሲፈረፈር እያዩ ዝም ማለት አይገባም፤ ክሩ ከአፈሩ ጋር ከተደባለቀ ለቅሞ መጨረስ ያስቸግራልና በጊዜው በሌላ ጆንያ ይለወጥ።

ከጆንያው ቀጥሎ የሚመጣው ጀሪካን ነው። ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ የዘይት ጀሪካን በናይሮቢም በአዲስ አበባም የውሃ ፈረቃ ምልክት ሆኖአል። አፉ ሲሰበር ወይም ጎኑ ሲሰነጠቅ በጋለ ቢላዋ በቁሙ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ግማሽ ሥሩ ተበስቶ የችግኝ መደብ ይሆናል፤ ሌላው ግማሽ ቆሻሻ መዛቂያ ወይም የዶሮ መኖ ገንዳ ይሆናል። ያልተሰበረውን ደግሞ በሁለት ባላ እንጨት መካከል በአግዳሚ ሰቅሎ፣ ከአንገቱ ገመድ አስሮ፣ ገመዱን መሬት ካለች የእግር መርገጫ እንጨት ጋር ቢያያይዙት፣ መርገጫዋ ስትረገጥ ጀሪካኑ አጎንብሶ ውሃ ያፈስሳል። እጅ ምንም ሳይነካው ይታጠባል። በ2020 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ይህ ዓይነቱ መታጠቢያ በብዙ የአፍሪቃ ከተሞች በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ወረርሽኙ ሲያልፍ መጣሉ ግን የሚያሳዝን ነው፤ የሕፃናት ተቅማጥ አላለፈምና።

ነገር ግን ጀሪካኑ ቀድሞ ምን እንደያዘ ሳይታወቅ ለምንም ነገር አይወሰድ። የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ቢታጠብ፣ ቢፈላ፣ በፀሐይ ቢሰጣ ለውሃና ለምግብ አይሆንም። መርዙ ወደ ፕላስቲኩ ሠርጎ ስለሚገባ ሽታው ከጠፋም በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል። በገበያ የሚሸጥ ባዶ ጀሪካን ታሪኩን አይናገርም፤ ስለዚህ በገዛ ቤትዎ ዘይት ያለቀበትን እንጂ ከመንገድ የተገዛውን ለመጠጥ ውሃ አይጠቀሙበት። የቀለም ጣሳም እንዲሁ ነው፤ በተለይ አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል አበባ ይተከልበት እንጂ ጎመን አይተከልበት።

ሁለተኛው አደጋ ውሃ ነው። ሥሩ ያልተበሳ ጣሳ፣ በጓሮ የተጣለ ጎማ፣ ክዳን የሌለው በርሜል ዝናብ ይይዛል፤ በያዘውም ውሃ የወባ ትንኝ ትራባለች። ቀድሞ የወባ ትንኝ የምትኖረው በረግረግና በኩሬ ነው ሲባል ነበር። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ከእስያ የመጣች ትንኝ ግን በከተማ፣ በሰው ቤት በርሜልና ጎማ ውስጥ ትፈለፈላለች። በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 ዓ.ም. በቀብሪ ደሃር ነው፤ በ2022 ዓ.ም. በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት መሆንዋ በጥናት ተረጋግጦአል፤ በዚያው ዓመት በሰሜን ኬንያ በማርሳቢት ተገኝታለች። ናይሮቢ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ከብዙው የወባ ችግር ተጠብቃ ቆይታለች፤ ዕድል ግን በክፍት በርሜል አይፈተንም። ትንኝ ከዕንቁላል ተነሥታ ለመብረር ከአንድ ሳምንት በላይ ያስፈልጋታል። እንግዲህ ውሃ የሚይዘውን ዕቃ ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን መድፋትና ጎኑን በብሩሽ መፈተግ ይበቃል ማለት ነው። ቅዳሜ ጧት ልጆቹ እንዲሠሩት ቢደረግ ከሩብ ሰዓት አያልፍም።

ጎማን ካነሣን፣ በኬንያ ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን ጫማ «አካላ» ይሉታል፤ የእኛው በረባሶ ነው። በቤት ውስጥ ጎማ የሚጠቅመው ለመቀመጫ ነው፤ በላዩና በታቹ ክብ ጣውላ ተመትቶ፣ ዙሪያው በገመድ ተጠምጥሞ፣ በልባሽ ጨርቅ የተሞላ ትራስ ሲቀመጥበት የሳሎን በርጩማ ይሆናል፤ ውስጡም የልጆች መጫወቻ ማስቀመጫ ነው። ጎማ በአትክልት መደብነት እንዲያገለግል የሚመክሩ ብዙ ናቸው። ይህ ጸሐፊ ግን ለአበባ ይሁን ለምግብ አይሁን ከሚሉት ወገን ነው፤ በጎማ ውስጥ ያለው ቅመም ብዙ ስለሆነ ጆንያ እያለ ጎማን መምረጥ አያስፈልግም።

ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ፣ ፓሌት የሚሉት፣ ለመደርደሪያና ለአልጋ ርብራብ ጥሩ ነው። ሲገዙት ግን በጎኑ የተመታውን ማኅተም ያንብቡ። በ2002 ዓ.ም. በጸደቀው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ከአገር ወደ አገር የሚሻገር እንጨት ተባይ እንዳይዝ ይታከማል። «ኤች. ቲ.» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ያሉበት በሙቀት የታከመ ነው፤ እስከ ውስጡ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ 30 ደቂቃ ቆይቶአል። «ኤም. ቢ.» የሚሉ ፊደላት ያሉበት በመርዛም ጢስ የታጠነ ነውና ወደ ቤት አይግባ፤ ለማገዶም አይሁን።

አንገቱ የተሰበረ እንስራ ካለዎት አይጣሉት። እንስራ አንገቱ ሲሰበር አፉ ይሰፋል፤ የሚያስፈልገንም ይኸው ነው። በውስጡ ጥቂት አሸዋ ተነጥፎ ከእርሱ የሚያንስ የሸክላ ድስት ይቀመጥበታል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ በአሸዋ ይሞላና አሸዋው ጧትና ማታ ውሃ ይጠጣል። ድስቱም በረጠበ ጨርቅ ይከደናል። ውሃው በእንስራው ጎን እየተነነ ሲሄድ ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ፣ በድስቱ ውስጥ ያለው ቲማቲምና ቃሪያ ቀዝቅዞ ብዙ ቀን ይቆያል። መሐመድ ባህ አባ የተባሉ የሰሜን ናይጄሪያ መምህር ይህን የጥንት ብልሃት ለገበሬዎች በማዳረሳቸው በ2000 ዓ.ም. የሮሌክስ ሽልማት ተሰጥቶአቸዋል። ነገሩ የሚሠራው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው፤ በበጋ ይረዳል፤ በክረምት ግን አሸዋውን ማርጠብ ድካም ብቻ ነው። በካሳራኒ «ክሌይ ሲቲ» የሚባል፣ ማለትም «የሸክላ ከተማ»፣ አንድ ቀበሌ አለ፤ ለእንዲህ ያለው ዕቃ ተስማሚ ስም ነው።

ስለ ናይሮቢ ሲነገር «ጁዋ ካሊ» ሳይነሣ አይቀርም። በስዋሂሊ «የከረረ ፀሐይ» ማለት ሲሆን፣ ጥላ በሌለበት ሜዳ ላይ ብረት የሚቀጠቅጡትን ባለ እጆች ስም ሆኖአል። በካሙኩንጂ ሰፈር ቆርቆሮና በርሜል ሲቀጠቀጥ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1972 ዓ.ም. ስለ ኬንያ ባወጣው ታላቅ ሪፖርት እንዲህ ያለው ሥራ ከመንግሥት መዝገብ ውጭ ቢሆንም ሥራ ፈትነት አለመሆኑን ስለ መሰከረ፣ የየመንግሥታቱ ሹማምንት ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ያዩት ጀመር። የእኛው ምን አለሽ ተራ የጁዋ ካሊ ወንድም ነው። መርካቶ ውስጥ ያለው ይህ ተራ ስሙ ጥያቄ ነው፤ «ምን ዕቃ አለሽ?» እንደ ማለት። በየመንደሩ እየዞረ አሮጌ ብረትና ጠርሙስ የሚገዛው ቆራሌው፣ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ የፕላስቲክ ሳፋ የሚሰጠውም «ልዋጭ» እያለ የሚጣራው፣ ሁሉም መጨረሻቸው ወደዚያ ነው። ቆራሌው የሚለው ጥሪ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው አጥሮ የመጣ ነው ይላሉ። አማርኛ የሚማር ሰው ጧት በመስኮቱ ቆሞ እነዚህን ጥሪዎች ቢለይ፣ ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ያገኛል።

ሁለቱን አገሮች በአሮጌ ብረት ያገናኘው ምድጃ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በናይሮቢ ከአሮጌ ብረት የሚሠራው የከሰል ምድጃ በውስጡ የሸክላ ቀለበት እንዲገባበት ተደረገ፤ ሸክላው ሙቀቱን ወደ ድስቱ ስለሚመልሰው ከሰሉ ከቀድሞው በብዙ ያንሳል። ይኸው ምድጃ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን ተሻሽሎ «ላቀች» ተባለ። ብዙ ቤት ውስጥ ሸክላው ሲሰነጠቅ ምድጃው በሙሉ ሲጣል ይታያል፤ ብረቱ ግን ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። ሸክላውን ብቻ ገዝቶ በጭቃና በጥቂት ሲሚንቶ ማጣበቅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ምድጃው ምንም ያህል ቢሻሻል ግን ከሰል በተዘጋ ክፍል አይነድም፤ ሽታ የሌለው ጢሱ የተኛን ሰው ሳያስነቃ ይገድላልና።

ስለ ጊዜው ጥቂት ቃል እንጨምር። ናይሮቢ ሁለት ዝናብ አላት፤ ረጅሙ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በካሳራኒ ያለ ሰው በሁለቱም መግቢያ ላይ ሊተክል ይችላል። በአዲስ አበባ ግን ጆንያ በክረምት ውሃ ሞልቶበት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ጎመኑን በመስከረም በግማሽ ጀሪካን ውስጥ አፍልተው፣ በጥቅምት ወደ ጆንያው ቢያዛውሩት፣ የነቢያት ጾም በኅዳር አጋማሽ ሲገባ የመጀመሪያው ቅጠል ይደርሳል። ቅጠሉ ከታች ወደ ላይ ይለቀም፤ የጫፉ ለጋ አይነካ።